የናሱ ቀዳዳ፤ የባለ ሁለት ምት ሞቶክሮስና የካርቡሬተር ጄት ታሪክ

አንድ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ተሠርቶ ያለቀ ይመስላል። ብረቱ ቀልጦ ፈስሷል፤ ሲሊንደሩ በልኩ ተሞርዷል፤ ፒስተኑና ፋሻው በየቦታቸው ገብተዋል። ነገር ግን በባለ ሁለት ምት የሞቶክሮስ ሞተር ብስክሌት ላይ የሠራ ባለሙያ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ካርቡሬተር ያለው እንዲህ ያለ ሞተር ከፋብሪካ የሚወጣው አንድ ሥራ ቀርቶት ነው። የቀረውን ሥራ የሚፈጽመው ሞተሩ የሚተነፍሰውን አየር አብሮ የሚተነፍሰው ሰው፣ ማለትም በስፍራው ያለው መካኒክ ነው። የሚፈጽምበትም መሣሪያ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ በመካከሏ ቀዳዳ ያላት የናስ ብሎን ናት። ይህች ብሎን ጄት ትባላለች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚችን ብሎን ታሪክ ባጭሩ መተረክ ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም በዚች ቀዳዳ ስፋት ላይ በሚሊሜትር መቶኛ የሚቆጠር ስሕተት ስንቱን ፒስተን አቅልጧል፤ ስንቱን ነጂ ከመቀመጫው አሽቀንጥሮ ጥሏል፤ የስንቱንም መካኒክ ስም አጉድፏል። ከዚህም በላይ የንድፍ ሰው ሥራና የጥገና ሰው ሥራ የት ላይ እንደሚገናኙ ከዚህ አብልጦ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

ቀላል ሞተር፣ ከባድ ሒሳብ

ባለ ሁለት ምት ሞተርን በ1878 ሠርቶ ያሳየው፣ በ1881ም የፈጠራ መብት ያገኘበት ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዱጋልድ ክለርክ ነው። የክለርክ ሞተር ግን አዲሱን ድብልቅ እየገፋ የሚያስገባለት ሌላ ሲሊንደር በጎኑ ያስፈልገው ነበር። ይህን ተጨማሪ ሲሊንደር ያስቀረው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ዴይ ነው። ዴይ በ1891 የፈጠራ መብት ባገኘበት ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ከበታቹ ያለውን የክራንክ ቤት እንደ አንጥረኛ ወናፍ እንዲጨምቀው አደረገ። ከሠራተኞቹ አንዱ የነበረው ፍሬድሪክ ኮክ ደግሞ በ1892 የፒስተኑ ጎን ራሱ መግቢያውን ቀዳዳ እየከፈተና እየዘጋ እንዲሠራ ዘዴ ፈጠረ። በዚህም ምክንያት ቫልቭ የሚባል ነገር ከሞተሩ ጠፋ። ፒስተን፣ ቢየላና ክራንክ ሻፍት ብቻ የሚንቀሳቀሱበት፣ በእያንዳንዱ ዙርም አንድ ጊዜ የሚተኩስ ሞተር ተገኘ።

ይህ ቀላልነት በነፃ የተገኘ አልነበረም። በባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱ በራሱ ማጠራቀሚያ ተቀምጦ በፓምፕ ይዘዋወራል። የክራንክ ቤቱን እንደ ወናፍ የሚጠቀም ሞተር ግን እዚያ ውስጥ ዘይት ሊያጠራቅም አይችልም። ስለሆነም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ በር እንዲገባ ሆነ። ከክራንክ ቤቱ ሲያልፍ ኩሽኔታውን ያለሰልሳል፤ ወደ ሲሊንደሩ ሲወጣ ፒስተኑን ያለሰልሳል፤ በመጨረሻም ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል።

አንባቢ በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ቢቆም መልካም ነው፤ የሚከተለው ታሪክ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነውና። በባለ አራት ምት ሞተር ካርቡሬተሩ የሚመጥነው ነዳጅን ብቻ ነው። ዘይት በተቀላቀለበት ቤንዚን በሚሠራው ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ያው አንድ ቀዳዳ ሦስት ነገር ይመጥናል። አንደኛ፣ የሚቃጠለውን ቤንዚን። ሁለተኛ፣ የሚያለሰልሰውን ዘይት። ሦስተኛ፣ ቤንዚኑ ሲተን ከክራንክ ቤቱና ከፒስተኑ ሥር የሚወስደውን ሙቀት። ቀዳዳው ከጠበበ ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ እሳቱን ሲያግል ዘይቱንም ማቀዝቀዣውንም በዚያው ቅጽበት ይቀንሳል። ሙቀቱ በጨመረበት ሰዓት መድኃኒቱ ይጎድላል ማለት ነው። የአሉሚኒየሙ ፒስተን ከሲሊንደሩ ይልቅ ፈጥኖ ይለጠጣል፤ ይፋተጋል፤ ተጣብቆም ይቀራል። የኋላው ጎማ ባንድ ጊዜ ይታሰራል። ስለዚህም ነው የቀድሞ ተወዳዳሪዎች አንድ ጣታቸውን ከፍሪሲዮኑ እጀታ ላይ የማያነሡት።

ከአፍንጫ እስከ መርፌ

የካርቡሬተር መሠረተ ሐሳብ ከሞተር ይቀድማል። ዳንኤል በርኑሊ በ1738 ባሳተመው መጽሐፉ የፈሳሽ ፍጥነት ሲጨምር ግፊቱ እንደሚቀንስ አስረዳ። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ በ1797 ቱቦ ሲጠብብ የሚሆነውን መርምሮ ጻፈ። ይህ ዕውቀት ግን ወደ ሞተር እስኪመጣ ድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። የመጀመሪያዎቹ የቤንዚን ሞተሮች የሚጠቀሙት በቤንዚን ላይ አየር በማሳለፍ እንፋሎቱን በሚያስወስድ ዕቃ ነበር። በ1893 በጀርመን አገር ዊልሄልም ማይባህ፣ በሀንጋሪ ደግሞ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ ቤንዚኑን በትንሽ አፍንጫ ወደ አየሩ መንገድ የሚረጭ ካርቡሬተር አወጡ። ስለ ሁለቱ ሀንጋሪያውያን ሲወራ፣ ሐሳቡን ያገኙት አንዲት አበባ ሻጭ በአበባዋ ላይ ውሃ ስትረጭ አይተው ነው ይባላል። ወሬው እውነት ቢሆንም ባይሆንም አሠራሩን ግን በትክክል ይገልጸዋል።

በሞተር ብስክሌት ረገድ ትልቁ እርምጃ የተንሸራታች መዝጊያ ካርቡሬተር ነው። አማክ፣ ብራውን ኤንድ ባርሎና ቢንክስ የተባሉት ሦስት የእንግሊዝ አገር ካርቡሬተር ሠሪዎች በ1927 ተባብረው በበርሚንግሃም ከተማ አማል የሚል ስም ያዙ። የዚህ ድርጅት ካርቡሬተር ለብዙ ዘመን የአብዛኛው የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት መተንፈሻ ሆኖ ኖረ። ኋላም በ1960 ሚኩኒ የተባለው የጃፓን ድርጅት ከአማል ጋር የቴክኒክ ስምምነት አድርጎ ይህን ዓይነት ካርቡሬተር መሥራት ጀመረ። ስለሆነም የጃፓንን ካርቡሬተር የፈታ መካኒክ በውስጡ የበርሚንግሃምን አሳብ ያገኛል።

ይህ ካርቡሬተር በአራት ክፍሎች ይመጥናል። ነጂው የጋዝ እጀታውን ሳይነካ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራና እጀታው ገና ሲነካ የሚያዘው የዝቅተኛው ፍጥነት ጄትና የአየር ብሎኑ ነው። እጀታው እስከ ሩብ ሲደርስ የተንሸራታቹ መዝጊያ ግርጌ የተቆረጠበት ልክ ይወስናል። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ባለው መርፌው ይገዛል፤ መርፌው ወደ ታች እየቀጠነ ስለሚሄድ ከፍ ባለ ቁጥር በዙሪያው የሚያልፈው ቤንዚን ይበዛል፤ ራሱ ላይ ባሉት ጭረቶች ቀለበቱን በማዘዋወርም ከፍና ዝቅ ይደረጋል። ከሦስት ሩብ በላይ ግን ሥልጣኑ የዋናው ጄት ነው። እነዚህ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ድንበር ስለሚጋፉ አንዱን የነካ ሌላውን መነካቱ አይቀርም።

የጄት ቁጥርም የራሱ ወጥመድ አለው። በአማል ልማድ ቁጥሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በቀዳዳው የሚያልፈውን ፈሳሽ በኩቢክ ሴንቲሜትር ይገልጻል። ኬይሂን በተባለው የጃፓን ድርጅት ልማድ ግን ቁጥሩ የቀዳዳው ዲያሜትር በሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ 170 ማለት 1.70 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የአንዱን ድርጅት 170 አውጥቶ የሌላውን 170 የሚያስገባ ሰው አንድ ነገር የተካ ይመስለዋል እንጂ አልተካም። እንዲሁም ከ170 ወደ 175 መሄድ ለዓይን የማይታይ ልዩነት ቢሆንም የቀዳዳው ስፋት በ6 በመቶ ያድጋል።

ከመንገድ ወደ ጭቃ

የሞቶክሮስ ውድድር ትውልድ ከባለ ሁለት ምት ሞተር ጋር የቆየ የስም ዝምድና አለው። አልፍሬድ አንጋስ ስኮት የተባለው እንግሊዛዊ በ1908 ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ለገበያ ማውጣት ጀመረ። በ1914 ደግሞ ለፋብሪካው ሠራተኞች በዮርክሻየር ኮረብታዎች ላይ የስኮት ፈተና የተባለውን ውድድር አቋቋመ። በ1924 በደቡብ እንግሊዝ በካምበርሊ አጠገብ ይህንኑ የሚመስል ውድድር ሲዘጋጅ፣ የችሎታ ነጥብ መያዙ ቀርቶ ፍጥነት ብቻ እንዲለይ ተደረገ። የሞቶክሮስ ታሪክ ጸሐፊዎች የውድድሩን መጀመሪያ ከዚህ ቀን ይቆጥራሉ።

ስሙ ከባለ ሁለት ምት ፋብሪካ ይምጣ እንጂ ሜዳው ለረጅም ጊዜ የባለ አራት ምት ሆኖ ቆየ። በ1947 በሆላንድ አገር የተጀመረው የአገሮች ሞቶክሮስም ሆነ በ1957 የተቋቋመው የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና የከባዶቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች ግዛት ነበር። ባለ ሁለት ምት ርካሽ፣ ጢሳም፣ ለሥራ መመላለሻ ብቻ የሚሆን ሞተር ተደርጎ ይታይ ነበር። የአዲስ አበባን ጎዳና ለብዙ ዘመን ያሸተተውን የቬስፓን ጢስ የሚያስታውስ አንባቢ ይህ አስተያየት ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም።

አስተያየቱን የለወጠው ሥራ የተሠራው በጀርመን አገር ነው። አዶልፍ ሽኑርለ በ1920ዎቹ ዓመታት አጋማሽ አዲሱ ድብልቅ በሲሊንደሩ ውስጥ እንደ ቀለበት ዞሮ ያረጀውን ጋዝ እንዲያስወጣ የሚያደርግ የቀዳዳ አቀማመጥ ፈጠረ። በዝሾፓው ከተማ የነበረው ዴካቬ የተባለው ፋብሪካ ይህን ዘዴ በሞተር ብስክሌቶቹ ላይ አዋለው። አርቴ 125 የተባለችው የዚህ ፋብሪካ ትንሽ ሞተር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዙ አገር ተገለበጠች። የእንግሊዙ ባንታም፣ የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን ባለ 125 ሲሲ፣ የሶቪየቱ ሞስክቫ፣ የያማሃም የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌት የእርሷ ልጆች ናቸው።

በዚያው በዝሾፓው፣ በምሥራቅ ጀርመን አስተዳደር ሥር ኤምዜድ በተባለው ፋብሪካ፣ ዋልተር ካዴን የተባለ መሐንዲስ ማርሚታውን የሞተሩ ተካፋይ አደረገው። ማርሚታው በሚገባ ሰፍቶ በሚገባ ሲጠብብ፣ የፍንዳታው የድምፅ ማዕበል ተመልሶ ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። በ1961 የካዴን 125 ሲሲ ሞተር በሊትር ሲሰላ 200 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። በዚያ ዓመት መስከረም ወር በስዊድን አገር በክሪስቲያንስታድ በተደረገው ውድድር ላይ የሻምፒዮናው መሪ የነበረው የኤምዜድ ነጂ ኤርንስት ዴግነር ሞተሩ ተበላሽቶበት ቆመ። ቤተሰቡ ወደ ምዕራብ ጀርመን እንዲሻገር ዝግጅቱ ተደርጎ ስለ ነበር እርሱም ወደ አገሩ ሳይመለስ ቀረ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮና ለሆንዳው ነጂ ለቶም ፊሊስ ሆነ። ዴግነር ግን የዝሾፓውን ዕውቀት ይዞ ወደ ሱዙኪ ሄደ፤ በ1962ም ለሱዙኪ የ50 ሲሲን የዓለም ሻምፒዮና አስገኘ።

በሞቶክሮስም ሜዳ ማዕበሉ ወዲያው ደረሰ። በ250 ሲሲ የስዊድኑ ሁስክቫርና በ1962፣ የቼኮስሎቫኪያው ቼዜድ ደግሞ በ1964 በባለ ሁለት ምት ሞተር አሸነፉ። እንግሊዛዊው ጄፍ ስሚዝ በ1964ና በ1965 በባለ አራት ምት ቢኤስኤ የ500 ሲሲን ዋንጫ ወስዶ የቀድሞውን ዘመን ክብር ጠበቀ። ሆኖም በ1966 ምሥራቅ ጀርመናዊው ፖል ፍሪድሪክስ በቼዜድ ዋንጫውን ሲወስድ ከባዱም ክፍል ለባለ ሁለት ምት ተላለፈ። በ1968 ያማሃ ዲቲ 1 የተባለውን 250 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ለተራው ገዢ አቀረበ። በ1970 ቤልጅጋዊው ዦኤል ሮበርት በሱዙኪ የ250 ሲሲን ሻምፒዮና በማግኘት ለጃፓን የመጀመሪያውን የሞቶክሮስ ዋንጫ አስገኘ። በ1973 ለባለ አራት ምት ሞተር ያለው ፍቅር በዓለም የታወቀው ሆንዳ እንኳ ኤልሲኖር የተባለውን ባለ ሁለት ምት 250 ሲሲ አወጣ።

ኃይሉ ሲያድግ ድንበሩ ሲጠብብ

ከላይ የተተረከው ድል ለመካኒኩ አዲስ ሸክም አመጣለት። ሞተሩ ርካሽና ደካማ በነበረበት ጊዜ ካርቡሬተሩን ጥቂት አወፍሮ መተው ይበቃ ነበር፤ ጢሱ ይበዛል እንጂ ሞተሩ አይሞትም። የካዴን ዓይነት ማርሚታ ከተገጠመ በኋላ ግን በተወሰነ የዙር ፍጥነት ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር በድንገት ይበዛል። በዝቅተኛ ዙር ደግሞ ድብልቁ ወደ ኋላ ተገፍቶ በካርቡሬተሩ በኩል ይወጣል፤ ተመልሶም ይገባል። አየሩ በጄቱ ፊት ባለፈ ቁጥር ቤንዚን ስለሚወስድ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያለፈው አየር ሁለትና ሦስት ጊዜ ይወፍራል። ስለዚህ አንዱ ሞተር በታች የወፈረ፣ በላይ የሳሳ ሆኖ ይገኛል። ያማሃ በ1972 በሞተር ብስክሌቶቹ ላይ ያስገባው ስስ የምላስ ቫልቭ ድብልቁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በመከልከል ይህን ችግር ቀነሰው፤ ጨርሶ ግን አላጠፋውም።

በዚህ ዘመን ነው የመካኒኩ ዓይንና ጆሮ እንደ መለኪያ መሣሪያ የሚቆጠሩት። ዋናው የምርመራ መንገድ ካንዴላ ማንበብ ነበር። ነጂው አዲስ ካንዴላ አስገብቶ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይነዳል፤ ከዚያም ፍሪሲዮኑን ይዞ ሞተሩን ባንድ ጊዜ ያጠፋል። የተፈታው ካንዴላ ነጭ ሸክላ ወደ ቡና ቀለም ካዘነበለ ልኩ ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ወፍሯል፤ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ከቀረ ሳስቷል፤ የአሉሚኒየም ፍንጣቂ ከታየበት ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል። ይህ ንባብ በእርሳስ በታከመው ቤንዚን ዘመን ግልጽ ነበር፤ እርሳሱ ከቤንዚን ከወጣ በኋላ ቀለሙ ስለ ደበዘዘ ንባቡ የበለጠ ልምድ የሚጠይቅ ሆኗል። ጆሮም ድርሻ ነበረው። የወፈረ ሞተር በየሁለት ዙሩ እየተኮሰ ያጉተመትማል። የሳሳ ሞተር ድምፁ ጥርት ያለ፣ ለጊዜውም ፈጣን ነው። አደጋውም ይኸው ነው፤ የሚሞተው ሞተር ከመሞቱ በፊት ባለው ጥቂት ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ያማረ ሆኖ ይሰማል።

ስለ ዘይቱ መጠን ያለው ስሕተትም መነሣት ይገባዋል። ብዙ ሰው ሞተሩ እንዳይጎዳ በማለት ዘይት ይጨምራል። ቀዳዳው ግን የሚያሳልፈው ዘይቱንም ቤንዚኑንም ደምሮ ነው። አንድ ክፍል ዘይት ከ50 ክፍል ቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ዘይቱ ከጠቅላላው 2 በመቶ ያህል ነው፤ አንዱ ከ20 ጋር ሲቀላቀል ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ልዩነቱ 3 በመቶ ያህል ቤንዚን ከስፍራው አስወጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ጄቱ ሳይቀየር ዘይት የጨመረ ሰው የሚቃጠለውን ድብልቅ አሳስቷል። በደግነት የተደረገ ነገር ጉዳት ያመጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዚህም የከፋው በየሥራ ቦታው የሚታየው ልማድ ነው። ሞተሩ ነክሶ ይመጣል፤ ፒስተኑ ይቀየራል፤ ሲሊንደሩ ይሞረዳል፤ ነጂው ይከፍላል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ሞተር በያው በሽታ ይመለሳል። የተቀየረው የሞተው ዕቃ ነው እንጂ የገደለው ምክንያት አልነበረም። ምክንያቱ የጠበበ ጄት ሊሆን ይችላል፤ በካርቡሬተሩ ጎማ በኩል ወይም በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ባለው የላስቲክ ማኅተም በኩል የሚገባ ባዕድ አየርም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይመረምር አዲስ ፒስተን የሚያስገባ ባለሙያ የሚቀጥለውን ብልሽት በገዛ እጁ ያዘጋጃል።

ከፍታና አየር

የጄት ታሪክ ከፋብሪካ ወደ ስፍራው ሰው የሚተላለፍበት ትልቁ ምክንያት የመሬት ከፍታ ነው። በአሜሪካ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በሌክውድ የሚገኘው ተንደር ቫሊ የተባለው የሞቶክሮስ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 ሜትር ይበልጣል። ወደዚያ የሚሄዱ ቡድኖች በካሊፎርኒያ የተስማማቸውን ልክ ይዘው መሮጥ እንደማይችሉ ያውቁ ነበር። የካርቡሬተር ዘመን መካኒክ ወደዚያ ሲሄድ የጄት ሳጥኑን ከመፍቻው እኩል ይይዝ ነበር።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በመደበኛው የአየር ሠንጠረዥ መሠረት በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 79 በመቶ ያህል ነው። በካርቡሬተር ውስጥ የሚያልፈው አየር ክብደት በጥግግቱ ልክ ሲቀንስ፣ የሚሳበው ቤንዚን ግን የሚቀንሰው በጥግግቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ስለዚህ ለባሕር ወለል የተመጠነ ሞተር ወደዚህ ከፍታ ሲመጣ ድብልቁ ከ12 እስከ 13 በመቶ ያህል ይወፍራል። ሒሳቡን ለማስተካከል የቀዳዳው ስፋት 11 በመቶ ያህል መቀነስ ይኖርበታል፤ በዲያሜትር ሲሰላ 6 በመቶ ገደማ ነው። በዲያሜትር የሚቆጠር 170 ጄት ወደ 160 ይወርዳል ማለት ነው። ይህ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ካንዴላው ነው። ደግሞም ጄት መቀየር ድብልቁን ያስተካክላል እንጂ የጎደለውን አየር አይመልስም፤ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉ በከፍታው ምክንያት መቅረቱ የማይቀር ነው።

ወደ ላይ የወጣ ሞተር ይታፈናል፤ ያጨሳል፤ ካንዴላ ያበላሻል። ይህ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። አደጋው ያለው በመውረድ ነው። ለአዲስ አበባ የተመጠነ ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወርድ ከፍታው ወደ 1000 ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ አየሩም እየጠገገ ይሄዳል፤ ድብልቁ በዚያው ልክ ይሳሳል። የቆላው ሙቀት አየሩን በማሳሳት ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን ማለዳ፣ አየሩ ሳይሞቅ፣ ይህ ርዳታ የለም። በዚህ ላይ ቁልቁለቱ አለ። ነጂው በፍጥነት እየሄደ ጋዙን ሲዘጋ ሞተሩ በጎማው ጉልበት ይዞራል፤ በተዘጋው ካርቡሬተር በኩል ግን ቤንዚንም ዘይትም እምብዛም አይገባም። ብዙ ሞተር የሚነክሰው ጋዙ በተከፈተበት ሰዓት ሳይሆን በተዘጋበት ቅጽበት መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

የመጠኛው ዘመን ማምሻ

የባለ ሁለት ምት ሞቶክሮስ የበላይነት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ቆየ። የውድድሩ ደንብ ለባለ አራት ምት ሞተር የበለጠ የሲሊንደር መጠን ስለ ፈቀደና የአየር ብክለት ሕጎች እየጠበቁ ስለ ሄዱ ሚዛኑ ተለወጠ። በ1997 አሜሪካዊው ዳግ ሄንሪ በላስ ቬጋስ በተደረገው የሱፐርክሮስ ፍጻሜ ውድድር በያማሃ ባለ አራት ምት ሞተር አሸነፈ። በ1998 የዚህ ሞተር ልጅ ዋይዜድ 400 ኤፍ ለገበያ ቀረበ፤ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ተከተሉ።

በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይም ካርቡሬተሩን በኤሌክትሮኒክ መርጫ ለመተካት ሙከራው ቀጠለ። ሥራው ቀላል እንዳልነበረ ለማወቅ የጣሊያኑን ቢሞታ ማስታወስ ይበቃል። ይህ ድርጅት በ1997 ያወጣው ባለ 500 ሲሲ የአስፋልት ሞተር ብስክሌት ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚያገኝ ነበር፤ አሠራሩ ስላልተስተካከለ ግን ኋላ የተሠሩት ወደ ካርቡሬተር ተመለሱ። የኦስትሪያው ኬቲኤም በ2017 በድብልቅ ማስተላለፊያ መንገዶቹ ላይ መርጫ የተገጠመላቸውን የኢንዱሮ ሞተር ብስክሌቶች አስታወቀ፤ በ2022 ደግሞ ለሞቶክሮስ ሞተሮቹ መርጫውን በአየር መግቢያው ላይ አደረገ። በእነዚህ ላይ የአየሩን ግፊትና ሙቀት ስሜት ሰጪ መሣሪያ ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ያሰላል፤ መርጫው ይረጫል። ተራራ ሲወጡ ጄት መቀየር ቀረ።

ታዲያ የጄት ዕውቀት ከንቱ ሆነ ማለት ነው? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንዲህ አያምንም። በመጀመሪያ ደረጃ ካርቡሬተር ያላቸው ሞተሮች በዓለም ላይ ገና እየሠሩ ነው። ሁለተኛም፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራው መካኒኩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ነው፤ የሥራው ባሕርይ አልተለወጠም። በተበላሸ ማኅተም በኩል ባዕድ አየር ሲገባ፣ የቤንዚን ማጥሪያ ሲደፈን፣ ስሜት ሰጪው ውሸት ሲናገር፣ ሞተሩ በኮምፒውተር ቢታዘዝም በጥንቱ ሕግ ይሳሳል፤ በጥንቱ ሕግ ይነክሳል። ምክንያቱን የሚያውቀው የሳሳ ድብልቅ ምን እንደሚያደርግ የተማረ ሰው ነው። ያልተማረው ግን ፒስተን መቀየሩን ይቀጥላል።

ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ እምብዛም አልተጻፈም። በእጅ ወደ እጅ፣ ከአሠሪ ወደ ተለማማጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ያዡ ባለፈ ጊዜም አብሮ አልፏል። ካንዴላና ማርሚታ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያንኛ ወርሰን እስከ ዛሬ ስንጠራቸው፣ እነዚህን ቃላት በመጀመሪያ ይዘው የሠሩት ባለሙያዎቻችን ለከፍታችን የትኛውን ጄት መርጠው እንደ ነበር የሚነግረን ጽሑፍ ግን በእጃችን የለም። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦች አንድ ቀላል ልማድ እንዲይዙ በዚህ አጋጣሚ ማሳሰብ ተገቢ ነው። አንድ ሞተር በተስተካከለ ቁጥር ቀኑ፣ ስፍራውና ከፍታው፣ የአየሩ ሙቀት፣ የዘይቱ መጠን፣ የጄቶቹ ቁጥርና ሠሪው ድርጅት፣ የመርፌው ደረጃ፣ በመጨረሻም የካንዴላው ቀለም በደብተር ላይ ይስፈር። የነከሰ ሞተርም ሲመጣ ያው ይደረግ፤ ከውድቀት የተጻፈ ገጽ ከስኬት ከተጻፈው ይልቅ ያስተምራልና።

ክለርክና ዴይ፣ ሽኑርለና ካዴን ድርሻቸውን በንድፍ ወረቀት ላይ ትተው አልፈዋል። የቀረውን ትንሽ ሥራ፣ ማለትም ሞተሩን ከስፍራው አየር ጋር ማስማማትን፣ ለእኛ ትተውልናል። ሥራው ትንሽ ይሁን እንጂ ያለ እርሱ የእነርሱ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ለዚህም ምስክሯ በመሣሪያ ሳጥናችን ጥግ ላይ የተቀመጠችው፣ ቁጥሯ በአጉሊ መነጽር የሚነበበው የናስ ብሎን ናት።